ከቤት ሆነን ፒችትሪ እንድንሠራ የተከፈተው በር አስፈራኝ፤ ምን ላድርግ?

ሳቢያን_ሒሳብ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም የድሬ ልጆች። እዚህ ድሬዳዋ አንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ነው የምሠራው። ሰባት ሠራተኞች ነን። የአይቲ ሰው የለንም። ፕሪንተር ሲበላሽም ኢንተርኔት ሲጠፋም የምጠራው እኔ ነኝ። ምክንያቱ አንድ ቀን ኬብል ነቅዬ ስሰካው ስለሠራ ነው።

አምና ሙቀቱ ሲብስና የቢሮው ኤሲ ሲበላሽ አለቃችን «ከሰዓት በኋላ ከቤታችሁ ሥሩ» አለ። አንድ ባለሙያ መጥቶ ራውተሩ ላይ የሆነ ነገር ከፈተልን። ከዚያ ወዲህ ከቤት ሆነን በሪሞት ዴስክቶፕ (የሩቁን ኮምፒውተር ስክሪን ከቤት በሚከፍተው) ሰርቨሩ፣ ማለትም የቢሮው ዋና ኮምፒውተር ውስጥ እንገባለን። ሒሳብ የምንመዘግብበት ፕሮግራም፣ ፒችትሪው፣ ያለው እዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር ተመችቶን ነበር። ማታ ልጆቼን አስተኝቼ ቫውቸር እመዘግባለሁ።

ባለፈው ሳምንት አካውንቴ በየጊዜው መቆለፍ ጀመረ። ፓስወርድ ሳልሳሳት ማለት ነው። ጓደኛዬ «ኢቨንት ቪወር (ኮምፒውተሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት) ክፈቺና 4625 የሚል ቁጥር ፈልጊ» አለኝ። ከፈትኩ። የአንድ ሌሊቱ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር መስመር ነው! አድሚኒስትሬተር፣ አድሚን፣ ዩዘር1፣ ስካን፣ አካውንታንት እያለ ይወርዳል። አካውንታንት እኔ ነኝ። እኔ ተኝቼ ሳለ አንድ ሰው በስሜ በር ሲያንኳኳ አድሯል።

አለቃችን «ፓስወርዳችን ጠንካራ ነው፣ አትጨነቂ» ይላል። ፓስወርዱ የድርጅቱ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ነው። (ስጽፈው ራሱ አፈርኩ። ነገ እቀይረዋለሁ።)

ከቤት መሥራቱ ሳይቀርብን ይሄን እንዴት እንዝጋው? ብዙ ገንዘብ የለንም።

ከዚራ_ኬብል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ፣ ነገ አትበይ። ዛሬ ማታ።

ያ ባለሙያ የከፈተላችሁ ፖርት 3389 ነው፤ ፖርት ማለት ከኢንተርኔት ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ቁጥር ያለው በር ነው። ራውተሩ ውስጥ ግቢና «ፖርት ፎርዋርዲንግ» የሚለውን ፈልጊ። 3389 ያለበትን መስመር አጥፊው። ለጥቂት ቀን ከቤት አትሠሩም፣ በቃ።

አሁን አንዱ መጥቶ «ቁጥሩን ወደ 3390 ቀይሪው» ይልሻል። አትስሚው። ፖርት ያለው 65,535 ነው። ማሽን አንድ በአንድ ሁሉንም ይሞክረዋል፣ አይሰለቸውም።

ከዘጋሽ በኋላ እዚያው ኢቨንት ቪወር ላይ 4624 የሚለውን እይ። 4625 ያልተሳካ ሙከራ ነው። 4624 የተሳካ ነው። ማንም በማይሠራበት ሰዓት ከማታውቂው አድራሻ የገባ 4624 ካገኘሽ ሌላ ወሬ ነው፤ ሰርቨሩን ከኔትወርክ ነቅለሽ እዚህ ጻፊ። የተጠቃሚዎቹን ዝርዝርም እይ። የማታውቂው አዲስ ስም ካለ ያው ነው። ከዚያ የፒችትሪውን ባክአፕ በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጪና ዲስኩን ንቀዪው። ተሰክቶ የሚያድር ባክአፕ ባክአፕ አይባልም።

ለአለቃሽ ደግሞ ይሄን ንገሪው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብሉኪፕ የሚባል ቀዳዳ እዚሁ ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ተገኝቶ ነበር። ለዊንዶውስ 7 እና ለሰርቨር 2008 ዓይነቶቹ። ፓስወርድ ጭራሽ አይጠይቅም። ፖርቱ ክፍት ከሆነ ይገባል፣ ያውም ፓስወርድህ የፈለገውን ያህል ጠንካራ ይሁን። የእናንተ ሰርቨር ስንት ነው?

ደቻቱ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

አቦ አታስፈራሯት! እኛ ሦስት ዓመት በነፃ የሪሞት ፕሮግራም ስንሠራ አንድም ነገር አልሆነም። የሰባት ሰው ትራንዚት ፒችትሪ ማን ይፈልገዋል? ራሺያ ቁጭ ብሎ የድሬን ቫውቸር የሚያነብ ሰው አለ?

ሳቢያን_ሒሳብ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ዘጋሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያጠፋሁት፤ ኢንተርኔቱን በሙሉ ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር። ሰርቨሩ ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ነው። የማላውቀው 4624 የለም፣ ተመስገን።

ከዚራ_ኬብል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ጎበዝ። 2012ም ቢሆን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ድጋፉን አቁሞበታል። አሁን ባይሆንም በበጀታችሁ ውስጥ አስቢው።

ደቻቱ ወንድሜ፣ ቫውቸሩን ማንም አያነበውም። አንብቦ ምን ሊያደርገው? የሚፈልገው እሷ ያለሱ መሥራት እንዳትችል ብቻ ነው። ይቆልፈዋል፣ ከዚያ ገንዘብ በሉ ይላል። የሚያንኳኳው ደግሞ ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ድሬ ይሁን ዲትሮይት አያውቅም።

አንድ የማውቀው ድርጅት አለ፤ ስሙ ይቅር። የዛሬ ጥቂት ዓመት ጠዋት ጠሩኝ። ዴስክቶፑ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ ስሙ ተቀይሯል፤ መጨረሻው ላይ የማይነበብ ነገር ተለጥፎበታል። መሃል ላይ አንድ የጽሑፍ ፋይል አለ፤ በቢትኮይን ክፈሉ ይላል። ባክአፑ? እዚያው ኮምፒውተር ላይ በተሰካ ዲስክ ነበር። እሱም ተቆልፏል። የአራት ዓመት ሒሳብ! ሁለት ሒሳብ ሠራተኞችና አንዲት ተለማማጅ ቦክስ ፋይሉን ሁሉ ከመጋዘን አውጥተው ከደረሰኝ ላይ እንደገና መዘገቡት። ግማሹን ደረሰኝ ምስጥ በልቶታል። ሙቀት ወረቀት ላይ የታተመው ደግሞ ነጭ ሆኗል። ግብር ማሳወቂያው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ዝምታ አሁንም ይታወሰኛል።

ትልልቆቹም ያው ናቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ኮሎኒያል ፓይፕላይን የሚባለው የአሜሪካ ነዳጅ አስተላላፊ የቆመው በአንዲት የቪፒኤን (ከሩቅ ሆኖ ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ የሚገባበት ዝግ መስመር) አካውንት ነው። ማንም የማይጠቀምባት፣ ግን ያልተዘጋች አካውንት። ፓስወርዷ ሾልኮ ወጥቷል፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበራትም። 4.4 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ።

ጁገል_በር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ከሐረር ሰላም ብያለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁለቱ ነገሮች እየተቀላቀሉ ስለሆነ።

አንደኛው ዝግ ኔትወርክ ነው። ሰርቨሩ ለኢንተርኔት ጭራሽ አይታይም። ቪፒኤን ውስጥ የገባ ብቻ ነው የሚያየው። ሁለተኛው የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ማረጋገጥ ነው። ፓስወርድ የምታውቂው ነገር ነው፤ ስልክሽ ላይ ያለው ኮድ የያዝሽው ነገር ነው። አንዱ ቢሰረቅ ሌላው ይቀራል።

እኛ ሐረሮች ይሄን ነገር ድሮ እናውቀዋለን። ጁገል አምስት በር ነበረው። ማታ ይዘጋና ቁልፉ አሚሩ ዘንድ ያድራል። ቀን የሚገባ እንግዳ ደግሞ መሣሪያውን በሩ ላይ አስቀምጦ ነው የሚገባው። ግንቡ ስላለ ጠባቂው አልቀረም፤ ጠባቂው ስላለ ግንቡ አልፈረሰም።

በትልልቅ ድርጅቶች አንድ ሌላ መንገድም አለ፤ የግል ኤፒኤን ይባላል። ከቴሌኮሙ ጋር ተዋውለሽ የድርጅቱ ሲም ካርዶች ወደ ኢንተርኔት ሳይወጡ ቀጥታ ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ ይገባሉ። በሲም የሚሠሩ የኤቲኤምና የፖስ ማሽኖች ላይ የተለመደ ነው። ለሰባት ሰው ግን ይበዛባችኋል፤ ቪፒኤን ይበቃል።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ቪፒኤን የገባ ሰው ሁሉንም ማየት የለበትም። ወደ ሰርቨሩ 3389 ብቻ ይለፍ፤ ሌላው ይዘጋ። የአንዱ ሠራተኛ የቤት ላፕቶፕ ቫይረስ ቢኖርበት ቢሮውን በሙሉ እንዳያዳርስ።

ደቻቱ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ጀመረ ሐረሬው! ድሬ እኮ አጥር የላትም አቦ፤ ባቡሩ የመጣ ጊዜ ጀምሮ ለመጣው ሁሉ ክፍት ናት።

ጁገል_በር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡44

ለዚህ ነዋ 4625 የበዛባችሁ።

ሳቢያን_ሒሳብ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

ሳቃችሁ አሳቀኝ። የራውተሩን ገጽ ፎቶ አንስቼ አያይዣለሁ፤ ቪፒኤን የሚል ነገር የለውም። እዩልኝ እስቲ።

አወያይ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡31

ፎቶውን አንስቼዋለሁ። የድርጅታችሁ የኢንተርኔት አድራሻ በግልጽ ይታይ ነበር። እባካችሁ ፎቶ ስትለጥፉ አድራሻውን ሸፍኑት።

ከዚራ_ኬብል | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ፎቶው ሳይነሳ አይቼዋለሁ። ራውተርሽ ለዚህ አይሆንም፤ ግን መግዛት የለብሽም። ቢሮ ውስጥ የማይሠራበት አሮጌ ዴስክቶፕ አለ? 4 ጊጋ ራም ካለው ይበቃል። ታይዋን ገበያ ወርደሽ ሁለተኛ ኔትወርክ ካርድ ግዢለት። ፒኤፍሴንስ የሚባል ነፃ የኔትወርክ ጥበቃ ሲስተም እጭንበታለሁ። ኬብሉ ከራውተሩ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ቢሮው ይሄዳል።

እሱ ላይ ኦፕንቪፒኤን እንከፍታለን፤ ከኋላው ስምና ኮድ የሚያረጋግጠውን፣ ፍሪሬዲየስ የሚባለውን ማሟያ እናስቀምጣለን። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ስም፣ የራሱ ሰርተፊኬት (ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጥ ዲጂታል መታወቂያ)፣ የራሱ ፒን ይኖረዋል። ስልኩ ላይ ጉግል ኦተንቲኬተር ይጭንና ኪውአር ኮዱን ያነሳል። ሲገባ ፓስወርድ በሚለው ሳጥን ፒኑን፣ ከዚያ ቦታ ሳይተው ስልኩ ላይ የሚያየውን 6 ቁጥር ይጽፋል። ኮዱ በየ30 ሴኮንዱ ይቀየራል።

አንዳንዱ «ለምን ዋየርጋርድ የሚባለውን ሌላ ቪፒኤን አትጠቀሙም፣ ፈጣን ነው» ይላል። ፈጣን ነው፤ እኔም ቤቴ የምጠቀመው እሱን ነው። ግን ዋየርጋርድ በራሱ የሚያውቀው ቁልፍ ብቻ ነው። የተጠቃሚ ስም የለ፣ ኮድ የለ። ላፕቶፑ ከተሰረቀ ቁልፉም አብሮ ሄደ። ሁለተኛ ማረጋገጫ ከፈለግሽ ከላዩ ሌላ ነገር መደረብ አለብሽ።

ሁለት ነገር አረጋግጪልኝ። አንደኛ፣ ራውተሩ ላይ «ዋን» (የውጭው መስመር) የሚለው አድራሻና ኢንተርኔት ላይ «አይፒዬ ስንት ነው» ብለሽ ስትፈልጊ የሚመጣው አንድ ነው ወይ? ራውተሩ ላይ ያለው በ10. ከጀመረ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 መሃል ከሆነ ከውጭ ቀጥታ አትገኙም፤ ቋሚ አይፒ መጠየቅ ይኖርባችኋል። (ፖርት ፎርዋርዲንጉ ይሠራ ስለነበር ያላችሁ ይመስለኛል።) ሁለተኛ፣ የፒችትሪውን ፎልደር በቪፒኤን ላይ ቀጥታ ከቤት ላፕቶፕ እንዳትከፍቱ። ይንቀራፈፋል፣ መስመሩ ሲቆራረጥ ዳታው ይበላሻል። እንደ ድሮው በሪሞት ዴስክቶፕ ሥሩ፤ ልዩነቱ አሁን ሪሞት ዴስክቶፑ ቪፒኤኑ ውስጥ ነው።

አያ_ትራንዚት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ይቅርታ ልጆች፣ ከእናንተ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ነው። ኮዱ በኤስኤምኤስ ቢመጣ አይቀልም? ይሄ ኪውአር ምናምን ያደናግረኛል።

ጁገል_በር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡18

ጋሼ፣ እርስዎ ሥራዎ ላይ ጅቡቲ ይመላለሳሉ?

አያ_ትራንዚት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

ድሬ ላይ አንቱ አይባልም፣ አንተ በሉኝ። አዎ፣ በወር ሁለት ሦስቴ። ገባኝ፣ ገባኝ። ድንበሩ ላይ ያለችውን ደወሌን ካለፍኩ በኋላ የኢትዮጵያ ሲሜ ይሞታል። አንድ ጊዜ የኢሜይሌ ኮድ ድሬ ሆቴል ገብቼ ነው የደረሰኝ፤ ከሁለት ቀን በኋላ።

ከዚራ_ኬብል | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡33

በትክክል። ኦተንቲኬተሩ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገውና እይ፣ ኮዱ መቀየሩን አያቆምም። ስልኩና ሰርቨሩ መጀመሪያ ኪውአሩን ስታነሳ አንድ የሚስጥር ቃል ይካፈላሉ። ከዚያ ሁለቱም ያንን ቃልና የሰዓቱን ልክ ይዘው ለየብቻ ያሰሉታል። መልሱ አንድ ዓይነት ይመጣል።

ኤስኤምኤስ ሌላም ችግር አለው። አንዱ ሲምህ ጠፋብኝ ብሎ በስምህ ካወጣ ኮዱ ለእሱ ነው የሚደርሰው። ግን ከምንም ይሻላል። ያለው ኤስኤምኤስ ብቻ ከሆነ እሱን አብሩት።

ፈረቃ_ሌሊት | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 8፡50

እኔ እዚሁ ገንደ ቆሬ ቁጭ ብዬ ሌሊት ሌሊት ለውጭ ድርጅት የምሠራ ነኝ። ሥራዬ እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ስለሆነ አንድ ሁለት ልበል።

ኮድ ከመጻፍ ይልቅ ስልክ ላይ «አንተ ነህ? እሺ በል» የሚል ማሳወቂያ የሚመጣበትም አለ። ቀላል ነው፤ ግን ሰው ይሰለቻል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የታክሲ አገልግሎቱ ኡበር የተጠለፈው እንዲህ ነው። ፓስወርዱን ያገኘው ሰው ማሳወቂያውን ደጋግሞ ላከ። ከዚያ በዋትሳፕ «ከአይቲ ክፍል ነኝ፣ እንዲቆምልህ ከፈለግህ እሺ በለው» አለ። ሠራተኛው እሺ አለ። ለዚህ ነው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 እስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ስልክህ ላይ እንድትጽፍ ያስገደደው።

6 ቁጥሩም ፍጹም አይደለም። አንዱ የሐሰት መግቢያ ገጽ ሠርቶ ኮዱን ከተቀበለሽ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ሊጠቀምበት ይችላል። ይሄን የሚያቆመው በዩኤስቢ የሚሰካው የደህንነት ቁልፍ ነው። ቁልፉ የድረ ገጹን አድራሻ ራሱ ያረጋግጣል፤ የተሳሳተ ገጽ ላይ ብትሰኪው እምቢ ይላል። ጉግል ከ85,000 በላይ ሠራተኞቹ ይሄን መጠቀም ከጀመሩ ወዲህ አንድም አካውንት በማጭበርበር እንዳልተወሰደበት እ.ኤ.አ. በ2018 ተናግሯል። እኔም አለኝ፤ ዘመድ ነው ከውጭ ያመጣልኝ። የቤቴ ቁልፍ ላይ አንጠልጥዬው እዞራለሁ። እናቴ የባጃጅ ቁልፍ መስሏት «መቼ ገዛህ?» ብላኛለች።

ለሳቢያን ግን ዛሬ የሚያስፈልጋት ኦተንቲኬተሩ ነው። ቁልፉ ይደርሳል።

ደቻቱ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡05

እሺ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። አምና ቴሌግራሜን ተበልቻለሁ። የማውቀው ልጅ «በስህተት አንተ ጋ የተላከ ኮድ አለ፣ ላክልኝ» አለኝ። ላክሁለት። ልጁ አልነበረም፤ የእሱም ተበልቶ ነበር። ከዚያ በእኔ ስም ለአክስቴ ሳይቀር ብር አበድሪኝ ተባለ። አክስቴ ላከች! እስካሁን እየከፈልኳት ነው።

ስለዚህ የፈለጋችሁትን ግንብ ሥሩ፣ ኮዱን አሳልፎ የሚሰጥ እንደኔ ያለ ሰው ካለ ዋጋ የለውም። ያንን ነፃ ፕሮግራምም ዛሬ ላጠፋው ነው። ወላሂ።

ሳቢያን_ሒሳብ | ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ አርብ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ተመለስኩ። ከዚራ መጥቶ ሠራልን፤ ያስከፈለን የኔትወርክ ካርዱንና ምሳ ብቻ ነው። አድራሻችን ጥሩ ሆኖ ተገኘ። አምስታችን ትናንት ማታ ከቤት ገብተን ሠርተናል።

ሁለት ሰው ግን እምቢ አለ። አንዱ አለቃችን ነው፣ ሁለተኛው የመጋዘን ኃላፊው። ፒኑ ትክክል ነው። ኪውአሩን ሦስት ጊዜ አንስተናል። አፕሊኬሽኑን አጥፍተን ጭነናል። ኮዱ ይመጣል፣ ይጽፉታል፣ አይቀበልም። የአለቃችንን ኪውአር በእኔ ስልክ አንስቼ ስሞክረው ሠራ! ስልካቸው ደግሞ ከእኔ የተሻለ ነው። አለቃችን «ድሮም ብያችሁ ነበር» ማለት ጀምሯል። ከዚራ ሥራ ላይ ነው መሰለኝ አያነሳም። እርዱኝ።

ጁገል_በር | አርብ፣ ከጠዋቱ 3፡48

ፒኑና ኮዱ መሃል ባዶ ቦታ እየተዉ እንዳይሆን። ስልኩ ራሱ በሦስት ሦስት ቁጥር ከፍሎ ነው የሚያሳየው።

ሳቢያን_ሒሳብ | አርብ፣ ከጠዋቱ 3፡55

እኔው ራሴ ነኝ የጻፍኩላቸው። ቦታ አልተውኩም።

ከዚራ_ኬብል | አርብ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ይቅርታ ፖል ላይ ነበርኩ። የአለቃሽን ስልክ እይው። አሁን ስንት ሰዓት ይላል?

ሳቢያን_ሒሳብ | አርብ፣ ከጠዋቱ 4፡13

4፡13። ትክክል ነው።

ከዚራ_ኬብል | አርብ፣ ከጠዋቱ 4፡14

የአንቺስ?

ሳቢያን_ሒሳብ | አርብ፣ ከጠዋቱ 4፡16

10፡15… ኧረ!!

ከዚራ_ኬብል | አርብ፣ ከጠዋቱ 4፡30

በቃ ተገኘ። አለቃሽና መጋዘን ኃላፊው ስልካቸውን በሐበሻ ሰዓት ነው የሞሉት። አውቶማቲኩን አጥፍተው በእጃቸው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሰውታል። ለሰው ዓይን ትክክል ነው። ለኦተንቲኬተሩ ግን ስልኩ ስድስት ሰዓት የተኛ ነው፤ የሌሊቱን 10 ሰዓት ኮድ በጠዋቱ 4 ሰዓት እያቀረበ ነው። ሰርቨሩ የሚታገሠው የጥቂት ሴኮንድ ልዩነት ብቻ ነው። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መልሱት፣ ይሠራል።

ሳቢያን_ሒሳብ | አርብ፣ ከጠዋቱ 4፡52

ሠራ! ሁለቱም ገቡ። ግን አለቃችን «እኔ በፈረንጅ ሰዓት አልኖርም፤ ቀጠሮዬ ሁሉ ይምታታብኛል» ብሎ መልሶ ሊቀይረው ነው። ምን ልበለው?

ፈረቃ_ሌሊት | አርብ፣ ከቀኑ 7፡20

አሁን ነው የነቃሁት። ይሄን እኔ አውቀዋለሁ!

ሰዓቱን አትንኪ፤ አውቶማቲክ ይሁን። የሰዓት ክልሉን ብቻ አውቶማቲኩን አጥፊና ቦነስ አይረስ አድርጊው። እኛ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 እንቀድማለን፤ አርጀንቲና 3 ወደ ኋላ ናት። መሃላችን ልክ ስድስት ሰዓት ነው። ስልኩ የሐበሻ ሰዓት ያሳያል፤ ከውስጥ ያለው እውነተኛው ሰዓት ግን አይነካም። ኮዱ የሚሠራው በውስጡ ነው። እኔ ላለፉት ሁለት ዓመታት አርጀንቲና ነው የምኖረው።

ደቻቱ | አርብ፣ ከቀኑ 7፡26

ወሪያ! የሐበሻ ሰዓት አርጀንቲና ነው እንዴ ያለው? ሜሲ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲል እኛም 1 ሰዓት?

ጁገል_በር | አርብ፣ ከቀኑ 7፡30

እሱ ሌሊት ላይ ነው፣ እኛ ጠዋት ላይ። ቁጥሩ ግን አንድ ነው። ሃያ ዓመት በዚህ ሙያ ስሠራ አላሰብኩትም።

ሳቢያን_ሒሳብ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

አለቃችን አርጀንቲና ገብቷል፣ ደስ ብሎታል። ለሰው ሁሉ እያሳየ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ማታ ስንሠራ ልክ አንድ ሰዓት ሲሞላ ያስወጣናል። መስመር መስሎኝ ነበር፤ ግን ኢንተርኔቱ አለ። ቅዳሜ ሰዓት ያዝኩበት። በስልሳኛው ደቂቃ ላይ ይዘጋል።

ፈረቃ_ሌሊት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

ኦፕንቪፒኤን በራሱ በየ3600 ሴኮንዱ ቁልፉን ያድሳል። ሲያድስ መጀመሪያ የጻፍሽውን ፓስወርድ መልሶ ይልካል። ያ ኮድ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በፊት የሞተ ነው። ስለዚህ ይባረራል። «ሬኔግ-ሴክ» የሚለውን 0 አድርጉት፤ ሰርቨሩም ላይ፣ የእናንተ ኮምፒውተሮችም ላይ። አንዱ ጋ ብቻ ከሆነ ሌላው ያስነሳዋል። ወይም ከዚራ ሰርቨሩ ላይ «ኦዝ-ጄን-ቶከን» የሚለውን ያብራ፤ እሱ ይሻላል፣ ቁልፉ መታደሱን ሳያቆም ኮድ መጠየቁን ይተዋል።

ከዚራ_ኬብል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡22

አውቄ ነበር፣ ረስቼው ነው። ነገ ሁለተኛውን አበራዋለሁ። የረሳሁት ሌላም አለ፤ ያ አሮጌ ዴስክቶፕ ባትሪው ያለቀ ይመስለኛል። እናትቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ጥንት ላይ ሊነሳ ይችላል። ያኔ የሁላችሁም ኮድ በአንድ ጊዜ እምቢ ይላል፤ ሰርተፊኬቱም «ገና አልጀመረም» ይላል። ይዤ እመጣለሁ። ባዮሱ (የኮምፒውተሩ ማስነሻ ቅንብር) ላይም መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ አደርገዋለሁ፤ አለበለዚያ ከሰዓት በኋላ መብራት በጠፋ ቁጥር አንቺ ከሳቢያን በባጃጅ እየመጣሽ ልታበሪው ነው።

ስልክ ሲጠፋ የሚያገለግሉትን ትርፍ ኮዶችስ ምን አደረግሻቸው?

ሳቢያን_ሒሳብ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡30

የሁላችንንም ኪውአር አትሜ በየስማችን ፖስታ ውስጥ አሽጌ ካዝና አስገብቻለሁ። ስልክ የጠፋበት ሰው አለቃችን ፊት ፖስታውን ይከፍታል፤ ከዚያ የድሮው ተሰርዞ አዲስ ይወጣለታል። ማክሰኞ የመጋዘን ኃላፊው ስልክ ከባጃጅ ላይ ስትወድቅ ሞከርነው፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ዝርዝሩን ሳይ ደግሞ ባለፈው ዓመት የለቀቀች ልጅ አካውንት ሰርቨሩ ላይ እስካሁን ክፍት ነበር። ያቺ የአሜሪካ ነዳጅ ትዝ አለችኝ። ሰረዝኩት። ለልጅቷ ደውዬ ነገርኳት፤ «እኔ እኮ ፓስወርዱን ራሱ ረስቼዋለሁ» አለች።

ኢቨንት ቪወሩን አሁን በየማታው ነው የማየው፣ ሱስ ሆኖብኛል። ትናንት 4625 ሁለት ብቻ ነበር። ሁለቱም የእኔ ናቸው፤ ልጄ እጄ ላይ ተኝታ በግራ እጄ ስጽፍ።